የመምህሯ ቁም ሣጥን

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ወረታ፣ ከቤታችን ጓሮ ያለችውን መጋዘን የማከራየው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ የሩዝ ነጋዴዎች ይይዟታል። አንድ ዓመት ግን ከሌላ ዞን መጥታ የምታስተምር መምህርት ተከራየችኝ። እናቷ ታመውባት ወደ አገሯ ልትሄድ ነበር። የቤት ዕቃዋን በሙሉ አስገብታ ቆለፈችና ከሁለት ወር በላይ እንደማትቆይ ነግራኝ ሄደች።

ሁለት ወሩ አለፈ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኳም አልሠራ አለ። ኪራይ ሳይከፈል ዓመት ሲሞላ ቁልፉን ሰብሬ ዕቃውን ልሸጥ አሰብኩና የፍርድ ቤት ጸሐፊ አማከርኩ። መጋዘኑ የእኔ ቢሆንም ዕቃው የእሷ ስለሆነ፣ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ብነካው ራሴ እንደምጠየቅ ነገረኝ። ስለዚህ ከሰስኩ። መጥሪያ ሊደርሳት ስላልቻለ ማስታወቂያ በመጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ። በቀጠሮው ቀን ስሟ ሲጠራ አቤት ያለ የለም። ዳኛው ፈረዱልኝ፤ ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ።

መምህሯ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን መጣች። ከስታ፣ ጥቁር ለብሳ ነበር። የእናቷን ሞት ሳልጠይቃት ገባኝ። የሆነውን ነገርኳት፤ የፍርዱን ግልባጭም ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አንብባ መለሰችልኝ። አልተቆጣችም። አባቷ በእጃቸው የሠሩላትን ቁም ሣጥን ማን እንደገዛው ብቻ ጠየቀችኝ።

የገዛው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ ነበር። በማግስቱ አብረን ሄድን። ክረምቱን ውሃ ቤታቸው ገብቶ ኖሮ የቁም ሣጥኑ እግር አብጧል፤ አንዱ በር ወልቋል። ውስጡ የዘር ሩዝ ተቀምጦበታል።

የገበሬው ሚስት ደነገጠች። «የእርስዎ መሆኑን አላወቅንም። ዘሩን ላውጣውና ይውሰዱት» አለቻት።

መምህሯ እንጨቱን በመዳፏ ዳበሰችው። «ይቅር፤ ዘራችሁን የት ታደርጉታላችሁ?» አለቻት።

ወረታ መናኸሪያ ስንደርስ ልሸኛት ቆምኩ። ያን ጊዜ ከዕቃው ጋር አንድ ካርቶን ወረቀት እንደነበራት፣ የእናቷም ፎቶግራፍ እዚያ ውስጥ እንደነበረ ነገረችኝ። በሐራጁ ዋጋ የሰጠው አልነበረም። መጋዘኑን ለነጋዴ ሳስጠርግ ካርቶኑን ከነወረቀቱ አቃጥዬዋለሁ። ሳልዋሽ ነገርኳት።

«ሌላ ፎቶ የላቸውም ነበር» አለችና መኪናው ውስጥ ገባች። በመስኮቱ በኩል ቀና ብላ ታየኝ እንደሆነ ብዬ እስኪንቀሳቀስ ጠበቅሁ። አላየችኝም።