ግራጫ ጃኬት የለበሱት ስምንቱ

የመጡብኝ ጠዋት ነው፤ ሳሪስ፣ ከተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ሳለሁ። ሁለት ሲቪል የለበሱ ወንዶችና አንዲት ፖሊስ ነበሩ። ስልኬን ጠየቁኝ። እጄ እርጥብ ስለነበር ፖሊሷ ጠርጌ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ቃሊቲ ካለ አንድ ጣቢያ ወሰዱኝ። የሴቶቹ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በረኪና ይሸታል። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ውጭውን አያሳይም፤ የከባድ መኪና ጡሩምባ ግን ቀኑን ሙሉ ይገባል።

ውስጥ የነበሩት አንዲት የስልጤ እናት ብቻ ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ገና ስገባ ፍራሻቸው ላይ ፈቀቅ ብለው፣ ግድግዳው ስለሚበርድ በእሳቸው በኩል እንድሆን ነገሩኝ። ለምን እንደታሰርኩ አልጠየቁኝም። ራሴን ሲያመኝ ሻሻቸውን በውኃ ነክረው ግንባሬን አሰሩልኝ። በሁለት ቀን ውስጥ፣ ሲሰግዱ እንኳ እስኪጨርሱ የምናፍቃቸው ሆኑ።

እኔን ያሳሰረኝ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አድሚን ነበርኩ። ስንጀምር የምናወራው ስለ ውኃ መጥፋትና ስለ ታክሲ ሰልፍ ነበር። አገሩ ሲከፋ የእኛም ወሬ ከፋ። ለዘብ አድርጎ የሚጽፍ ሰው መልስ የሚሰጠው እያጣ ዝም አለ፤ አክርሮ ለጻፈ ጭብጨባው ይዘንብለታል። እኔም ጭብጨባው ጣመኝ። በመጨረሻ "መንገድ እንዝጋ" ብዬ ጻፍኩ፤ እኔም ሌሎች ጥቂት የግሩፑ ልጆችም የተያዝነው በዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ስንቅ በሚገባበት ሰዓት፣ ለእሳቸው ጠያቂ መጣ ተባለና አብረን ወጣን። ከአጥሩ ማዶ ስምንት ወጣት ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም ግራጫ ጃኬት ለብሰው፣ ግራጫ ኮፍያ አድርገዋል። ቂሊንጦ ፋብሪካ ልብስ የሚሰፉ ተከራዮቻቸው መሆናቸውን፣ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መምጣታቸውን እናቲቱ ነገሩኝ። አንዷ ሳህኑን እንደያዘች ታለቅሳለች። ታሳሪዋ እሳቸው ሆነው ሳለ እሷን ያባብላሉ፤ በልተው እንደሆነ፣ የተሰበረው በር ተጠግኖ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ጃኬቱን አወቅሁት።

ከሰው ፎቅ ላይ ተነስቶ ግሩፓችን ውስጥ የተለጠፈ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሱ ሰዎች ወደ አንድ ግቢ ሲገቡ የሚያሳይ ብዥ ያለ ፎቶ ነበር። አንዱ፣ ጎህ ሲቀድ እዚያ ግቢ ሰዎች ይገባሉ ብሎ ጻፈ፤ ይገባሉ። ሌላው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል አለ፤ ለብሰዋል። ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ሲወርድ ያየች ነበረች፤ የፍራሽ መሙያ ቁራጭ ጨርቅ ኖሯል። ስምንት ናቸው ብሎ የቆጠረም አልተሳሳተም። ማናችንም አልዋሸንም። ከዚያ እኔ ሁሉንም ሰብስቤ "ስለዚህ" ብዬ ጀመርኩና፣ ግቢው የታጣቂ መደበቂያ ነው ብዬ ደመደምኩ። የማን ቤት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በማግስቱ በሩ በድንጋይ መሰበሩን ስሰማ "ሕዝቡ ነቅቷል" ብዬ ጽፌያለሁ፤ እሳቸው የታሰሩትም በዚሁ ወሬ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ሲዘረጉ አፌ እምቢ አለኝ።

"እማማ፣ ስለ ቤትዎ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት። ከጀሪካኑ ውኃ ቀድተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ከሳሪስ እስከ እሳቸው ቤት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ጠየቁኝ። በታክሲ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው አልኩ።

"መጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ ተነሱ። ሰግደው ሲጨርሱ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። "ብይ፤ በባዶ ሆድ አይታሰርም" አሉኝ።

በማግስቱ መርማሪውን ወረቀት ጠየቅሁት። የምጽፈው በራሴ ላይ ማስረጃ እንደሚሆን አስጠነቀቀኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ስለ ግቢው የማውቀው አንዳች ነገር እንዳልነበረ፣ ድምዳሜው የእኔ መሆኑን ጽፌ ከነሙሉ ስሜ ፈረምኩ። ከፈረምኩ በሁለተኛው ቀን እሳቸው ተፈቱ። ሲወጡ ፍራሹን ለእኔ ትተው፣ ራስ ምታት እንዳለብኝ ለፖሊሷ አደራ ብለው ሄዱ። እኔ አራት ወር ቆየሁ። በየሳምንቱ ከስምንቱ አንዷ ስንቅ ይዛልኝ ትመጣ ነበር።

ዛሬ እማማ ቤት የልጅ ያህል እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ግሩፑም አለ፤ እኔ የለሁበትም። ከሌሎቹ ቀድማ ተፈታች፣ ገበያ ውስጥ ፖሊስ ሰላም ስትል ታይታለች እየተባለ ተሰብስቦ፣ ሰላይ ናት ተብያለሁ። መፈታቴም ሰላምታውም እውነት ነው፤ ያቺ ፖሊስ ያኔ እጄን ጠርጌ እስክጨርስ የጠበቀችኝ ናት። አልተቆጣሁም። እንዴት እንደሚጻፍ አውቀዋለሁ።

ባለፈው እሁድ፣ ሰላይ ናት ብሎ የጻፈውን ልጅ ቤት አፈላልጌ ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተ፤ ሲያየኝ ደነገጠ።

"እንድትጠይቀኝ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ከዚያ ገባና ወንበር ይዞልኝ ወጣ።