ከፍርሃቴ ጋር የተጋደምኩበት ቀትር

ለድሬዳዋ አዲስ የሆነ ሰው ቀትር ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ሙቀቱን ሊያሸንፍ ይነሳል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግንቦት ላይ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ሲጋደም፣ እኔ ከዚራ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ገላዬን እታጠባለሁ፣ በደብተር ሽፋን አራግባለሁ፣ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ወረቀቱ ክንዴ ላይ ይጣበቃል።

ፍርሃቴንም የምይዘው እንደዚሁ ነበር። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ እያየኝ ሳስተምር ቃል ጠፋኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰባተኛ ክፍል ፊት ስቆም እጄ ይንቀጠቀጣል። ትምህርቱን በቃሌ አጠናሁ። ትንፋሼን ቆጠርኩ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። በታገልኩት ቁጥር ባሰ። በመጨረሻ ከክፍል አውጥተው መዝገብ ቤት እንዲመድቡኝ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኳቸው። "እስከ ሰኞ አስብበት" አሉኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ሥራ ግን ማስተማር ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አከራዬ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። የልብስ ሱቅ ያላቸው፣ በቤታቸው ሶማሊኛ የሚናገሩ እናት ናቸው።

"መምህር፣ አቦ ምንድን ነው ይሄ መንደፋደፍ? ዶሮ እንኳን በዚህ ሰዓት ተኝታለች።"

"ሞቀኝ፣ እናቴ።"

"ይሙቅሃ። ግንቦት ነው፤ ምን እንዲያደርግ ፈለግክ?" ምንጣፍ ወረወሩልኝ። "ሽርጥ ታጠቅ፣ በሩን ክፈት፣ ጋደም በል። እንቅልፍ ባይመጣም አትጥራው።"

እንዳሉኝ አደረግኩ። ላቤ ወጣ፤ ተውኩት። ላብ ሲተን ሙቀት ይዞ እንደሚሄድ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ እኔ ግን ሳይተን እየጠረግኩት ነበር የኖርኩት። የባጃጆቹ ድምፅ እየሳሳ ሄደ። የግቢው የኒም ዛፍ ጥላ ግድግዳው ላይ እንደ ውሃ ይወዛወዛል። ነቅቻለሁም ተኝቻለሁም በማልልበት በዚያ ሰዓት ፍርሃቱ መጣ፤ ክፍሉ፣ ሰሌዳው፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ። ልነሳ ስል ሰውነቴ ከበደኝ። ስለዚህ ዝም ብዬ አየሁት። ከአንገቴ ሥር፣ ጡጫ የሚያህል ትኩስ ነገር ነበር። ሰፋ፤ ጠበበ፤ እንደገና ሰፋ። አልሄደም። እኔም አልሄድኩም። ሁለታችንም እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ቆየን።

መቀበል ማለት መውደድ ማለት አይደለም፤ ያንን ፍርሃት አሁንም አልወደውም። መግፋቴን ብቻ ነው የተውኩት።

ሰኞ ጠዋት እጄ እንደተለመደው ተንቀጠቀጠ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩ።

"ሳስተምር ስለምፈራ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጽሑፌ ከጠመመ ታገሱኝ።"

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ልጅ፣ "ቲቸር፣ ድሮም ጠማማ ነው፤ እኛ ለምደነዋል" አለች።

ክፍሉ ሳቀ። አንዱ ለጓደኛው በኦሮምኛ ሲደግምለት ሳቁ እንደ አዲስ ተነሳ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ዞሬ መጻፍ ጀመርኩ። መስመሩ ወደ ታች አዘቀዘቀ፤ እነሱም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ገለበጡ።

በእረፍት ሰዓት ወደ ምክትሉ ቢሮ ገብቼ ክፍል ውስጥ እንደምቀጥል ነገርኳቸው።

"ተሻለህ ማለት ነው?"

"አልተሻለኝም" አልኳቸው። "ግን አስተምሬ ወጣሁ።"