ያልተራገፈው ጆንያ

ውድነሽ ቁንዶ በርበሬ ከቴፒ ገዝታ ሚዛን ከተማ ወስዳ ትሸጣለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል በቅጥቅጥ መኪና ያልነጠረችበት ጉድጓድ የለም። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ድንኳን ታስተክላለች፣ ወንበር ትደረድራለች፤ እንባ ግን ከእሷ አይጠበቅም።

ፍሬአብም ቲያትሩ ውስጥ ያላስገባት ለዚሁ ነው። «ራስሽን ሆነሽ መጫወት አትችይም» አላት። «እንባ የለሽም።»

ፍሬአብ ሥራው ሰርግ በቪዲዮ መቅረጽ ነው። ሰው በማስለቀስ ግን የሚወዳደረው የለም። ውድነሽ የተሳፈረችበት ቅጥቅጥ ላይ የደረሰው የሽብር ጥቃት ዓመት ሊሞላው ሲል «ቲያትር እሠራለሁ» ብሎ ተነሣ። ውድነሽ ዘንድ መጥቶ ሻይዋን እየጠጣ ስትነግረው ሲሰማ ዋለ። ከዚያ ሄዶ ቀድሞ ያሰበውን ጻፈ።

የነገረችው ይህን ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ያካፋ ነበር። የመኪናው ረዳት ሻሚል ጆንያዋን ጣራ ላይ ሊጭን ሲል «ይረጥብብኛል!» ብላ ሙጭጭ አለች።

«እሺ፣ ውስጥ ይግባ። ሰው ሲያስነጥስ ግን ይማርህ እያልሽ የምትውይው አንቺ ነሽ!» ብሎ በሩ አጠገብ ወሸቀላት።

ታጣቂዎች ከጫካው ሲወጡ የመጀመሪያው ጥይት ያገኘው ጆንያውን ነው። ብናኙ መኪናውን ሞላው። ተሳፋሪው ወንበር ስር ተጋድሞ፣ ጥይት እየጮኸበት፣ ያስነጥሳል። ሻሚል በአንድ እጁ በሩን ይዞ በሌላው ሰው ወደ ቦዩ እየሳበ፣ ራሱም እያስነጠሰ፣ «ውድነሽ! ጣራ ላይ ይጫን አላልኩሽም?» ብሎ ጮኸ። ቦዩ ውስጥ የተኛው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሻሚልም እየሳቀ ውስጥ የቀሩትን አንድ ሽማግሌ ሊያወጣ ተመለሰ። ሽማግሌው ወጡ፤ እሱ አልወጣም።

እናቱ እማማ ዘይቱ ለቅሶው ላይ «ልጄ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ብለው ሲጠይቁ ውድነሽ አቀረቀረች። «እያስነጠሰ ሲነተርከኝ ነበር» ተብሎ ለእናት ይነገራል?

ፍሬአብ ልምምዱን እንዲያዩ እማማ ዘይቱን ጋበዛቸው። ሻሚልን የሚጫወተው ፀጉር አስተካካዩ ፍቅሩ ነው። ቁመቱ ዛፍ፣ ድምፁ ሬዲዮ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ስለ አገር ረጅም ንግግር እያደረገ ሞተ። እማማ ዘይቱ በጨዋነት አጨበጨቡና አብራቸው ወደመጣችው ውድነሽ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ጥሩ ልጅ ነው። የማን ነው?»

«ሻሚል ነው እኮ፣ እማማ።»

«የእኔ?» ፍቅሩን ዞረው አዩት። «የእኔማ እንዲህ አይናገርም ነበር። ወይስ እየረሳሁት ነው፣ ልጄ?»

ይህ ነገር ውድነሽን እንቅልፍ ነሣት። በማግስቱ ፍሬአብ ዘንድ ሄደች።

«ማስነጠሱን አስገባው።»

«እህቴ፣ ይሄ የሽብር ጥቃት ነው፤ ቀልድ አይደለም።»

«እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ አንተ?»

«አንቺ ነሽ። ተመልካቹ ግን አልነበረም። ይልቅ እውነተኛ የቁንዶ በርበሬ ጆንያ አውሺኝ። መድረክ ላይ ሁሉም ነገር እውነት መምሰል አለበት።»

ቁንዶ በርበሬ ነጋዴ ጆንያ ሲያውስ ገልብጦ፣ ነፋስ በጀርባው አድርጎ ያራግፋል። ቴፒ ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ውድነሽ ጆንያውን ሳታራግፍ የቡና ገለፈት ጠቀጠቀችበት፣ አፉንም ላላ አድርጋ አሰረችው። እውነት አይደል የፈለገው?

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከመጋረጃ ጀርባ ቆርቆሮ ተደበደበ፤ ተኩስ መሆኑ ነው። ፍቅሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ባለ በሌለ ክብደቱ ጆንያው ላይ ወደቀ። ጆንያው ቡፍ አለ።

«ወገኖቼ ሆይ! እኔ ብሞትም አገሬ... አ... አ... አጢሽ!»

ታጣቂዎቹ በጭንብላቸው ውስጥ አስነጠሱ። አልቃሿ አስነጠሰች። የፊት ወንበር ላይ የተኮፈሱት ሹማምንት በየተራ አስነጠሱ። «ይማራችሁ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ፍሬአብ መጋረጃው ስር ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ውድነሽ መቆሟን ያወቀችው ከቆመች በኋላ ነው።

«ውድነሽ! ጣራ ላይ ይጫን አላልኩሽም?» ብላ ጮኸች። «ሻሚል ያለው ይህን ነው! እንዲሁ እያስነጠሰ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ያን ቀን መኪናውን የነዳው ሾፌር ከኋላ ሆኖ «እውነቷን ነው» አለ።

እማማ ዘይቱ ዞሩ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«እጁስ? እጁ ምን ላይ ነበር?»

«በአንዱ በሩን ይዟል፣ እማማ። በአንዱ ሰው ይስባል።»

እማማ ዘይቱ በሻርፓቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ውድነሽ «ገደልኳቸው» ብላ ስትጠጋ እየሳቁ ነው።

«እሱ ነው! ጨቅጫቃዬ! ሞት ፊትም ንትርኩን አይተው!» ዓይናቸውን ጠርገው ወደ መድረኩ፣ ግማሽ ሞቶ ወደተጋደመው ፍቅሩ፣ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ተነሥና እንደገና ውደቅ። እጅህን ከደረትህ ላይ አንሣ፤ በሩን ያዝ።»

ፍቅሩ ፍሬአብን አየ። ፍሬአብ አፍንጫውን ይዞ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። መድረኩ ላይ በር አልነበረም፤ ፍቅሩ የመጋረጃውን ጫፍ ይዞ ሌላውን እጁን ወደ ተመልካቹ ዘረጋ።

ውድነሽ ዓይኗን ጠረገች። የጠየቃት የለም እንጂ ቢጠይቋት «ቁንዶ በርበሬው ነው» ትል ነበር።