በሐምሌ የተሸለቱ በጎች

ዝናብ ሲነካው ይሸታል። ሌላ ጊዜ እንደማንኛውም የሱፍ ቆብ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ጠጉር ተቀላቅሎበት አመድማ የሆነ፣ አንድ ጎኑ ጠበብ ያለ፣ የእጅ ሥራ መሆኑ ከሩቅ የሚታወቅ። ውኃ ሲያርፍበት ግን እርጥብ በግ፣ ጭስና ሻጋታ አንድ ላይ ይሸታል። ባለፈው ሰኔ ከደባርቅ መናኸሪያ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስሄድ ዝናቡ በጎን ገብቶ አራሰኝና ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ "እህቴ፣ በግ ይዘሽ ነው እንዴ የገባሽው?" አለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ቆቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥሁ። አለቀስሁም፤ ለምን እዋሻለሁ።

ቆቡን የሠራችው ጓደኛዬ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አብረን ጨርሰን፣ ነጥባችን ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባን ቀርቶ፣ አስፋልቱን ከላይ ወደ ታች ስንለካ የምንውልበት ጊዜ ነበር። እኔ ሥራ ፈት ብሆንም የሚነዘንዘኝ አልነበረም። እሷ ግን ጭንቅ ነበረባት። አባቷ ከሞቱ በኋላ የቤቱን ነገር የሚወስኑት ዳባት የሚነግዱት አጎቷ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ሊልኳት ፓስፖርቷን አስወጥተው ጨርሰዋል። አልቅሳ፣ ሽማግሌ ልካ ያገኘችው ቀጠሮ ብቻ ነው።

"እስከ መስቀል እጠብቃለሁ" አሏት። "እስከዚያ እዚሁ የሚያኖርሽ ሥራ ከጀመርሽ እኔ ምን ቸገረኝ። ካልሆነ ግን ከመስቀል ወዲያ አታድሪም።"

ለዚህ ነው ለወጣቶች የቢዝነስ ፕሮጀክት አስተዳደር ስልጠና ሊሰጥ ነው ሲባል ቀድማ የተመዘገበችው። እኔን ጎትታ ያስመዘገበችኝም እሷ ናት። ያሰለጠነን ድርጅት ዛሬ የለም፤ ታፔላው እንኳ ተነቅሎ የአንዱ ሰው የዶሮ ቤት በር ሆኗል። አዳራሹ ግን ትዝ ይለኛል። ቢጫ መጋረጃ ነበረው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲያልፍበት ሁላችንም ወባ የያዘን እንመስል ነበር። ቆርቆሮው ሙቀት ሲሰማው ይንጣጣል። የማርከሩ ሽታ ጭንቅላት ያዞራል፣ ደስም ይላል፤ የተማረ ሰው ሽታ ይመስለን ነበር።

አሰልጣኙ ከጎንደር የመጣ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ የሚሰበስብ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ ሰው ነበር። "ፕሮጀክት ማለት" አለን በመጀመሪያው ጠዋት፣ "መነሻና መድረሻ ያለው ሥራ ነው።" ጓደኛዬ ይህችን ቃል ወደደቻት። ወደ ቤት ስንሄድ ዳገቱን እየወጣች ደጋግማ ትላት ነበር። መነሻና መድረሻ። እሷን እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም።

ስልጠናው ከንቱ ነበር አልልም። ዓላማን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሥራን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ባለቤት መስጠት፣ የሚቀድመውን ከሚከተለው መለየት፤ የታናሽ እህቴን ሰርግ እንኳ በዚያ ትምህርት ነው የመራሁት፣ ድግሱም አላጠረም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

በቡድን ተከፋፍለን የየራሳችንን ፕሮጀክት ስንመርጥ የእኛ ቡድን የበግ ጠጉር መረጠ። ሐሳቡ የእሷ ነው። ከእኛ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው ፓርክ የሚወጣ እንግዳ ሁሉ ብርዱ ሲይዘው ቆብ ይፈልጋል። የበግ ጠጉር ደግሞ በየደጁ ነው፤ እናቷም በእንዝርት እየፈተሉ ነው ያሳደጓት። አሰልጣኙ አጨበጨበላት። ሰብሳቢም አድርገን መረጥናት። ፊቷ በራ፤ እንዲያ ስታምር አይቻት አላውቅም ነበር።

ከዚያ የጊዜ ሰሌዳው መጣ። የድርጅቱ አዲስ በጀት የሚለቀቀው በሐምሌ ነው። ተቆጣጣሪዎች በሐምሌ ይመጣሉ፤ ሥራ ጀምሮ ላገኙት ቡድን የማጠቢያ ገንዳና የመፍተያ ማሽን ያስረክባሉ፤ ያልጀመረ ዕድሉ ያልፈዋል። ስለዚህ አሰልጣኙ በትልቁ ወረቀት ላይ በሰማያዊ ማርከር ጻፈ፦ ሐምሌ፣ ጥሬ ዕቃ ማሰባሰብ።

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥነው ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን። በሐምሌ በግ እንደማይሸለት፣ ጠጉሩን ያወለቀ በግ የእኛን ክረምት እንደማይችል ጡት ሳንጥል የምናውቀው ነገር ነው። ግን እንግዳን፣ ያውም አስተማሪን፣ በሰው ፊት ተሳስተሃል ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። አንዱ ማርከሩን አገላብጦ አየ። ሌላው ጣሪያውን። እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን አቀርቅራ፣ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል፦

"በሐምሌ እንኳን... ብርድ ነው፣ መምህር። በጎቹ ይጎዳሉ።"

"ጎበዝ!" አለ አሰልጣኙ። ደስታው የእውነት ነበር። "ይሄ ምን ይባላል? ስጋት ይባላል! ስጋት በሚለው ዓምድ ውስጥ ጻፉት።"

ጻፍነው። ብርድ። ከጎኑ መፍትሔ የሚል ዓምድ አለ። ምን እንበል ተባባልንና ከቡድናችን አንዱ ልጅ፣ "ጥንቃቄ ማድረግ" አለ። ጥንቃቄ ማድረግ ብለን ጻፍን። ተጨበጨበልን። እንዲያ በሚያምር ጽሑፍ ከተጻፈ በኋላ ብርዱም የተጠነቀቀልን መሰለን።

ሐምሌ ሲገባ ጠጉር ልንሰበስብ በየቤቱ ዞርን። በስልጠናው ሰሞን፣ ግንቦት ላይ፣ "እንሰጣለን" ያሉን ሁሉ እንደ እብድ አዩን። አንድ ሽማግሌ መቀሳችንን አይተው፣ "ምነው ልጆቼ፣ ማን ረገማችሁ?" አሉን። ከሰውም ሳይሆን ከጉሙ ጋር ስንጋፋ ዋልንና ባዶ እጃችንን ተመለስን። ተቆጣጣሪዎቹ በዚያ ሳምንት ይመጣሉ ተብሏል። ጓደኛዬ የእናቷ ቤት በር ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ትፍቅ ነበር፤ አላለቀሰችም። እናቷ ከውስጥ ወጡ፤ እሷን አዩ፣ በጎቻቸውን አዩ።

"ያዣቸው" አሉ።

"እማዬ፣ ተይ።"

"ያዣቸው አልኩሽ እኮ! አንች ባሕር ተሻግረሽ ከምትቀሪብኝ፣ እነሱ ይብረዳቸው።"

የመጀመሪያዋን በግ ራሳቸው ጣል አድርገው በጉልበታቸው ያዙ። ጠጉሩ ሲወርድ ከሥሩ የሚታየው ቆዳ ሮዝ ነበር፤ በጓ ትንፋሿ ይጨሳል። ስንጨርስ ጥንቃቄ አደረግን። የማዳበሪያ ጆንያ ቀድደን አለበስናቸው፣ በሆዳቸው ሥር በገመድ አሰርን። የጎረቤት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። እኛም ሳቅን፤ ጆንያ ለብሶ የቆመ በግ ያስቃል።

በማግሥቱ በረዶ ጣለ። ጆንያው ውኃ ጠጥቶ ይባስ ብሎ ጎተታቸው። ወደ ቤት አስገባናቸው፣ እሳት አነደድን፣ እናቷ የራሳቸውን ባና አውልቀው ደረቡላቸው። አልሆነም። በየተራ አንገታቸውን ወደ ጎን እየጣሉ ሞቱ፤ የተረፈች አንዲት ጠቦት ናት። ጠጉሩም ቢሆን አልደረቀም። ከምድጃው በላይ ሰቅለነው ጭስ ጠገበ፣ ሻገተ።

ተቆጣጣሪዎቹ አልመጡም። መንገዱ ጭቃ ነው ብለው መኪናቸው ከከተማው ሳይወጣ ተመለሰ። የመጡት መስከረም ላይ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነው፤ አሰልጣኙም አብሯቸው ነበር። የሆነውን ስንነግረው ከልቡ አዘነ። ከዚያ ወረቀታችንን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "ግን እኮ ስጋቱን ቀድማችሁ ለይታችሁት ነበር" አለ። "ጎበዞች ናችሁ።" ማሽኑ ለሌላ ቡድን ሄዷል። ለእኛ የምስክር ወረቀት ሰጡን፤ ተደርድረን ፎቶ ተነሳን። እስካሁን ያን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው ምን እንደምለው አላውቅም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

መስቀል አለፈ። መናኸሪያ የሸኘናት እናቷና እኔ ነን፤ አጎቷ ጎንደር ላይ ይጠብቋታል። ከዚያ ሁሉ ጠጉር ብዙ ያልሻገተውን መርጣ፣ ፈትላ፣ አንድ ቆብ ሠርታ ነበር። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ ከራሷ አውልቃ በመስኮት ሰጠችኝ።

"ያዥው። እዚያ ሙቀት ነው አሉ፤ ምን ያደርግልኛል።"

መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር። ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ፤ አሁን ለዓመት በዓል ብቻ ነው፤ እሱንም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቶሎ ቶሎ።

በዚህ ጥቅምት እናቷን ልጠይቅ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ነፋሱ ደረቅ ነበር፤ ለመሸለት ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ከቤቱ ጥግ አንዲት በግ ቆማለች። ያቺ የተረፈችው ጠቦት ናት፤ አርጅታለች። ጠጉሯ ተቆልሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ጭቃና ገለባ ይዞ መሬት ሊነካ ደርሷል፤ ዓይኗን እንኳ ጋርዷታል። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ መቀስ አልነካትም።

"እማማ፣ ይችን በግ ምነው አይሸልቷትም? ከበዳት እኮ" አልኳቸው።

እሳቸው እጃቸውን ጠጉሯ ውስጥ አስገብተው እስከ አንጓቸው ቀበሩት።

"ልጄ መጥታ ትሸልታታለች" አሉ። "ወሩን እሷ ታውቀዋለች። ያኔም ታውቀው ነበር።"