ዳኛው ወለደ

ስልኩ ሲጮህ የመካነ አራዊቱ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ ሻዩን ገና አንዴ ነበር ፉት ያለው። የደወለው የጅቦቹ ጠባቂ ነው። እንደ ወትሮው ሰላምታ አላበዛም።

«ጋሼ፣ ዳኛው ወለደ» አለው።

ዳኛው ማለት ትልቁ ወንድ ጅብ ነው። ኃላፊው ስልኩን ከጆሮው አንሥቶ አየው፤ ጥፋቱ የስልኩ ይመስል። «ምን ጠጥተህ ነው በጠዋት?» አለ። ጠባቂው ግን አልሳቀም። «ሁለት ናቸው። አንደኛው አይንቀሳቀስም» አለና ዘጋው። ሚስቱ ከጠረጴዛው ማዶ «ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀችው፤ ፊቱ እንደዚያ ነበር የሆነው። «ወንዱ ጅብ ወለደ» ሲላት ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አንድ ጫማ በእግሩ፣ አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ ክው ብሎ ቀረ።

እንዲህ በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አልነበረም። ዘንዶ ከሣጥኑ አምልጦ ቢሮው ውስጥ የተገኘ ዕለት ጸሐፊዋ በመስኮት ስትወጣ፣ እሱ እግሩን ከፍ አድርጎ ጋዜጣውን ያነብ ነበር አሉ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ መጀመሪያ የተቀጠረው የአንበሶቹን ቤት እንዲያጥብ ነው። ከዚያ ጠባቂ ሆነ፣ ከዚያ አሠልጣኝ፤ ቀስ በቀስም ስለ እንስሳቱ ሁሉ ምግብ፣ ማደሪያና እርባታ የመጨረሻው ቃል የሱ ሆነ። ፍቅሩ ግን ከጅብ ጋር ነው። ሰው ሁሉ ለአንበሳና ለቀጭኔ ሲጋፋ እሱ «በከንቱ ስሙ የጠፋ ፍጥረት» እያለ ለጅብ ይሟገታል። ቲኬት ቆራጯ ይህን አይታ «የጅብ አማች» የሚል ስም አወጣችለት፤ እሱም ደስ አለው እንጂ አልተቀየመም።

ጎብኚ መጥቶ «ጅብ አንድ ዓመት ወንድ፣ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ የጠየቀው እንደሆነ የዚያን ቀን ሥራ ተፈታ ማለት ነው። «የሴቷ ብልት የወንዱን ስለሚመስል ነው ሰው የሚሳሳተው» ብሎ ይጀምራል። ሰው ሲል ራሱን ማለቱ አልነበረም።

ሁለቱ ጅቦች የመጡት በግልገልነታቸው ነው፤ ከአንድ ሀብታም ግቢ ተወርሰው። ኃላፊው የዚያኑ ዕለት በእጁ ዳበሳቸውና ትልቁን ወንድ፣ ትንሿን ሴት አለ። የእንስሳት ሐኪሟ «ለማንኛውም ፀጉራቸውን ለፆታ ምርመራ እንላክ» ብትለው «እኔ ለጅብ?» ብሎ ሳቀባት። ትልቁ ሲያድግ ቀድሞ የሚበላ፣ ሌላዋን በዓይኑ ብቻ ጥግ የሚያስይዝ ሆነ፤ ዳኛው ተባለ። ትንሿ ዓይናፋር ተባለች። በጅብ ቤት የምትገዛው፣ በአካልም የምትገዝፈው ሴቷ መሆኗን ለሠልጣኝ ሁሉ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው። ዳኛውን ሲያይ ግን «ከርሳም ስለሆነ ነው» ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ የተማረ ሰው ሲይዝማ ጭራሽ ይብሳል።

ከዚያ ዳኛው ወፈረ። ሆዱ ተንዘረጠጠ፣ መራመድ ከበደው። ኃላፊው «እንዲህ ከቀጠለ ልቡ ይቆማል» ብሎ ሥጋውን በግማሽ ቀነሰበት። ጠባቂው «በሩን መንከስ ጀምሯል፤ ራበው መሰለኝ» ቢለው «አመል ነው፤ ይለምደዋል» አለው። ይህ ከሆነ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።

ያን ጠዋት ሲደርስ መኪናውን የት እንዳቆመ እንኳ አያውቅም። ሐኪሟ ከማደሪያው ጀርባ፣ በትንሿ የብረት መስኮት እያየች ነበር። ሴት ሲሏት የኖሩትን ዓይናፋርን፣ ለካ አባትየውን፣ ጎረቤት ክፍል አስገብተው ዘግተውበታል። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ አየ። ዳኛው፣ ከእንግዲህ እሷ ማለታችን ነው፣ በጎኗ ተኝታለች። ዓይኑን ገልጦ፣ ጥርስ አብቅሎ የተወለደ ጥቁር ግልገል ሆዷ ላይ እየዳኸ ያለቅሳል። ሌላው በሩ አጠገብ ጭድ ላይ ተዘርግቷል። የእናትየዋ የጎን አጥንት ይቆጠራል። የወፈረው ሆዷ ነበር እንጂ እሷ አልነበረችም፤ እሱ ደግሞ በየቀኑ እየመጣ ሆዷን ብቻ ነበር የሚያየው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?» ብሎ ጠየቀ።

ሐኪሟ ልታጽናናው አልሞከረችም። «የጅብ የመጀመሪያ ወሊድ ከባድ ነው። ጠግባ ብትሆንም ሊሞት ይችል ነበር። ላይሞትም ይችል ነበር። እኔም እኮ እያየሁ ስብ ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይልቅ ስለ ቀረው ንገረኝ። ጡቷ ወተት ያለው አልመሰለኝም። ወስደን በጡጦ እናሳድገው ወይስ እናቱ ጋ እንተወው?»

ሁለቱም ያስፈራል። በጡጦ ያደገ ጅብ ይተርፋል፤ ግን ሰውን ዘመዱ አድርጎ፣ ከጅብ ጋር ሳይስማማ ይኖራል። ከተዉት ደግሞ፣ ወተቱ ካልመጣ፣ ነገ የለም። ሐኪሟና ጠባቂው አፉን አፉን ያዩታል። ከሁሉ ያስደነገጠው ይህ ነው። ያን ሁሉ ከተሳሳተ በኋላም እንደ ትናንቱ የሱን ቃል ይጠብቃሉ።

«አላውቅም» አለ። በሥራ ዘመኑ ይህችን ቃል ከአፉ ሰምተዋት አያውቁም፤ ጠባቂው አፍሮ መሬት መሬት አየ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ሥጋ አምጣላት፣ ሙሉውን። እስከ ቀትር ድረስ እንያት። ካላጠባች እንወስደዋለን፤ ያን የምትወስነው ግን ሐኪሟ ናት።»

ሥጋውን በተንሸራታቹ በር ሥር ራሱ ገፋላት። ዳኛው ግልገሏን ጥላ ተነሣች፤ ሳታላምጥ ትውጠው ጀመር። ኃላፊው ዓይኗ ውስጥ ቂም ፈልጎ ነበር። ያገኘው ረሃብ ብቻ ነው። በልታ ስትጨርስ ተመልሳ ተኛች፤ ግልገሉ ለቅሶውን አላቆመም።

የመካነ አራዊቱ ሥራ አስኪያጅ የደረሰው ያኔ ነው፤ ፎቶ አንሺ አስከትሎ። ወሬውን የነገረችው ቲኬት ቆራጯ ናት። «የጅብ አማች፣ እንኳን ደስ ያለህ። ስንት ዓመት የደከምክበት እርባታ ተሳካልህ» ብሎ አቀፈው። የሞተው ግልገል፣ ጠባቂው በበሩ ሥር ስቦ አውጥቶት፣ በጆንያ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ነው፤ አላየውም። ኃላፊው እንደ እንጨት ደርቆ ታቀፈ።

«አልተሳካም» አለው ሲለቀው። «ሴቷን ወንድ ብዬ፣ እርግዝናዋን ውፍረት ብዬ አስርቤያታለሁ። አንዱ ሞቷል።»

ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንሺው ዞር እንዲል በእጁ ጠቆመው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን ከእኛ ሌላ ማን ያውቃል? ስምህን በገዛ እጅህ ለምን ታጠፋለህ?» አለ።

ኃላፊው ሊመልስለት አፉን ሲከፍት የግልገሉ ለቅሶ በአንዴ ጸጥ አለ። ወደ መስኮቱ ሄዳ ያየችው ሐኪሟ ናት። ቆየች፤ በጣም ቆየች።

«እየጠባ ነው» አለች በመጨረሻ። «ወተት ይኑራት አይኑራት ከዚህ አይታየኝም። ግን እየጠባ ነው።»

ኃላፊው ጆንያው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶት «እና ለሰዉ ምን እንበል?» ሲል ጠየቀ።

«ያልኩህን በል» አለው። «ስሜ አልተራበም፤ የተራበችው እሷ ናት።» ከዚያም ተነሥቶ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ሌላ ባልዲ ሥጋ ሊያመጣ ወደ መጋዘኑ ሄደ።