የከድር ዋስ እኔ ነበርኩ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ የእኔ የወልዴ ስም ሲነሳ «ማኅበሩን ያቆመ ሰው» የሚሉ አሉ፤ ያ ምስጋና አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ማኅበራችን የቁጠባና የብድር ነበር፤ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ እኛ ነጋዴዎችና ሁለት ሦስት አስተማሪዎች ሆነን ያቆምነው። ባንክማ ነበር። ባንክ ግን ስታስቀምጥ ደንበኛዬ ይልሃል፣ ልበደር ስትል የቤት ካርታህን አምጣ ይልሃል። ማኅበሩ የራሳችን ነው። በየወሩ አቅማችን የፈቀደውን እናስቀምጣለን፣ የዓመቱን ትርፍ እንካፈላለን፣ ብዙ ያለውም ጥቂት ያለውም ድምፁ እኩል ነው። ለመበደር ካርታ የለም። ከአባላቱ ሁለት ዋስ ካገኘህ፣ የሚያውቁህ ሰዎች «ይከፍላል» ካሉ በቃ። ይህን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ያረከስኩትም እኔው።

ከድር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሱቄ ጎን በኪራይ ቤት የሚኖርና የሚሠራ፣ የማኅበሩ አባል፣ ጓደኛዬ። የዓመቱ ትርፍ ሲከፋፈል ድርሻውን አይወስድም። ወለድ አለበት፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም ብሎ ለችግረኛ ስጡልኝ ይላል። አከራዩ ቤቱን ሊሸጥ ሲነሳ ግን ጨነቀው። ራሱ ሊገዛው ብድር ፍለጋ ባንክ ሄደ፤ መያዣ የለህም ብለው መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሼኹን እንዳማከረ፣ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ከሚወድቅ ወለዱን ሊከፍል እንደቆረጠ ነገረኝና ዋስ ሁነኝ አለ። እሺ አልኩት። እጁን ጨብጬ እሺ አልኩት።

ቤቱን እኔ አልተመኘሁትም ነበር? ተመኝቼዋለሁ። ቦታውንም ኪራዩንም። ዓይኔን ከጣልኩበት ዓመት አልፎኝ ነበር።

የብድር ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሊቀመንበሩ እኔ ነበርኩ። የከድር ስም ሲጠራ ሁለተኛው ዋስ፣ አስተማሪው፣ ወዲያው ፈረመ። እኔ ብዕሩን አስቀመጥኩ።

«የእኛን ወለድ የተጸየፈ ሰው ለእኛ ወለድ ይከፍላል? እኔ ዋስ አልሆነውም» አልኩ።

ሼኹን ማማከሩን ዋጥኩት። ሊከፍል መቁረጡን ዋጥኩት። ጎረቤቱ እኔ ነኝና ማንም አልተከራከረኝም፤ ብድሩ ተከለከለ። ኮሚቴ የተነጋገረው ውጭ አይወጣም የሚል ደንብም ነበረን፤ እሱንም ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ለከድር የማኅበሩ ገንዘብ አጥሯል አልኩት። አመነኝ።

በሳምንቱ ካርታዬን ይዤ ባንክ ገባሁ። ምን ዓይነት ሰው ነህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ካርታዬን አይተው አበደሩኝ፣ ቤቱን ገዛሁት። ከድር ከባዕድ አንተ ትሻላለህ ብሎ አመስግኖኝ ኪራዩን ለእኔ ይከፍል ጀመር። እኔም ተቀበልኩ። በየወሩ፣ ዓይኑን እያየሁ ተቀበልኩ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ንጉሡ ወርደው ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ያ ቤት ከእጄ ወጣ። ቅጣትህን ተቀብለሃል ሊለኝ የሚያስብ ካለ አይድከም። ተነጠቅኩ እንጂ አልመለስኩም። ንግድ ነው፣ ዘመኑ ነው የሚለኝም ይተወኝ። ብዕሩን ያስቀመጠው ዘመኑ ነው? የእኔ እጅ ነው።

ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም፣ የከድር ነው። እሱ ደግሞ ቤቱ በተወረሰ ማግስት ሊያጽናናኝ ሱቄ ድረስ መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አይዞህ ወልዴ፣ አላህ ይተካልህ» አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። አሜን አልኩት።