ያልተሠራው አዳራሽ በር ላይ የቆሙት ሰው

የሞተ ሰው፣ ገና መሠረቱ እንኳ ባልተቆፈረ ቤት ደጃፍ ቆሞ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። የጮኸ ወይም የሸሸ ሰው አልነበረም። ግን አሁንም አንዳንድ ቀን እያስተማርኩ ድንገት ይመጣብኝና ዝም እላለሁ፤ ልጆቹም "ሚስ፣ አር ዩ ኦኬ?" ይሉኛል።

እዚህ ኮሎምበስ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ካላስረዳሁ ደስ አይለኝምና ትንሽ ታገሡኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን ካናል ዊንቸስተር አካባቢ በገዛው ቦታ ላይ አዳራሽ ለመሥራት አሰበ። ዲዛይኑን የወሰደው ዎርዝንግተን ያለ አንድ ትንሽ የአርክቴክቶች ስቱዲዮ ነው። ትንሽ ስል የእውነት ትንሽ ነው፤ ባለቤቱ ሚኪያስ አለ፣ ሕንፃዎቹን በኮምፒውተር የምትሥል ሊዲያ የምትባል እዚሁ የተወለደች ልጅ አለች፣ በቃ። ሌላውን ሥራ ከውጭ በሚተባበሩት ሰዎች ነው የሚሠሩት።

ያልተሠራ ሕንፃ ሲሣል ሰው ይጨመርበታል። ሰው ከሌለበት በሩ ይስፋ ይጥበብ፣ ጣሪያው ይርዘም ይጠር መለየት አይቻልም። ብዙዎቹ አርክቴክቶች ከኢንተርኔት ያገኙትን ሰው ይለጥፋሉ አሉ። ሚኪያስ ግን "በእናንተ አዳራሽ ውስጥ የማታውቁት ሰው ለምን ይሄዳል?" ብሎ የራሳችንን ሰዎች ፎቶ ጠየቀ። ማንሣቱ ለእኔ ደረሰ። አንድ እሑድ አምልኮ ሲያልቅ፣ ያኔ እንከራየው በነበረው ቤት ፓርኪንግ ሎት ላይ ቆሜ ሰዉን ሲወጣ፣ ሲሳሳቅ፣ ልጁን ሲጠራ አነሣሁና የራሴንም አንድ ፎቶ ጨምሬ ላክሁለት።

ዲዛይኑ ሲያልቅ ሚኪያስ የተባበሩትን ሰዎች ለማመስገን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ስቱዲዮው ጠራን። ቅጠል መርገፍ ጀምሮ ነበር። የሕንፃውን ሞዴል ከእንጨት የሠራው ብሩክ ነበረ፣ እኔ ነበርኩ፣ እትዬ ወይንሸት ነበሩ። እትዬ ወይንሸት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የሚሠሩት። የእጅ መደገፊያው የት ይሁን፣ የዊልቸር መውጫው ምን ያህል ያዘቅዝቅ የሚለውን ከሚኪያስ ጋር ተቀምጠው የጨረሱት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤታቸው ስለ ጋሼ ተፈራ ልንገራችሁ። ጋሼ ተፈራ በየእሑዱ እትዬን ከፒከሪንግተን እየነዱ ያመጧቸው ነበር። ራሳቸው ግን አንድም ቀን ወደ ውስጥ አልገቡም። መኪናቸው ውስጥ ሬዲዮ እየሰሙ ይጠብቃሉ፤ በብርድ ጊዜ ሞተሩን ሳያጠፉ። ያልለመናቸው ሰው የለም። "እኔ ሾፌር ነኝ፣ ሾፌር ደግሞ መኪናውን ጥሎ አይሄድም" ብለው ይስቃሉ። እትዬ ወይንሸት በጸሎት ሰዓት ስማቸውን ሳይጠሩ ቀርተው አያውቁም። ፎቶውን ካነሣሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ ተፈራ በድንገት አረፉ። ሽኝታቸው እንኳ የተደረገው በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ፊዩነራል ሆም፣ አስከሬን በሚሸኝበት አዳራሽ ነበር። እንዲሁ ሳይገቡ ሄዱ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ሚኪያስ ንግግር አይሆንለትም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የተናገረው።

"ይህን ብቻዬን ሠራሁት ብል ውሸት ነው። እኔ መስመር ነው ያሰመርኩት። መስመሩን ቤት ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።"

"እንግዲያው የስቱዲዮውን ስም ቀይረዋ" አለ ብሩክ። "'ሚኪያስና ጎረቤቶቹ' በለው።"

ሳቅን። ከዚያ ሚኪያስ ለእያንዳንዳችን በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ሰጠን። የአዳራሹ ሥዕል ነው፣ በፍሬም። እኩል ፈታነው። እኔ መጀመሪያ የፈለግሁት ራሴን ነው፤ ደረጃው ላይ አገኘሁኝ፣ ከእውነቱ ቀጠን ብያለሁ። ይህንኑ ልናገር ቀና ስል እትዬ ወይንሸት ፍሬሙን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ላይ ደስታም ኀዘንም አይነበብም።

እንደገና ሥዕሉን አየሁት። ዋናው በር ላይ ጋሼ ተፈራ ቆመዋል። ጀርባቸው ወደ እኛ ነው፣ ግን ያ ቡናማ ኮፍያቸውና ወደ ግራ ዘንበል ያለ ትከሻቸው አይጠፋም። አንድ እግራቸው የበሩን ደፍ አልፏል።

ጋሼ ተፈራን አላነሣኋቸውም። ቢያንስ ያነሣሁ አልመሰለኝም።

ሊዲያ ግራ ገብቷት የላክሁትን ፎቶ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። መሐል ላይ ሁለት ልጆች ይሯሯጣሉ። ከኋላ፣ ጠርዙ ላይ፣ ጋሼ ተፈራ ከመኪናቸው ወርደው አንድ እግራቸውን የእግረኛ መንገዱ ላይ አሳርፈዋል፤ የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ይመስላል።

"እኔ ሊገቡ የመጡ ነው የመሰለኝ" አለች ሊዲያ ድምፅዋ እየጠፋ። "ለበሩ ፐርፌክት ነበሩ። ስለዚህ ክሮፕ አደረግኋቸው፣ ከፎቶው ቆርጬ በሩ ላይ አስገባኋቸው። አይ ዲድንት ኖው።"

ብሩክ ጎንበስ ብሎ "እትዬ፣ ጸሎትዎ ተሰማ እኮ" አላቸው። እውነቴን ነው፣ እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። በደስታ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

"አይ" አሉ። "አልተሰማም።"

ከዚያ ወደ ሊዲያ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ "ይኸውልሽ ልጄ" አሏት። "ይህን ሁሉ ዘመን ለምኜው እንቢ ያለኝ ሰው ነው። አሁን እንቢ ማለት አይችልም። አፉ ከተዘጋ በኋላ ጎትቼ ባስገባው ምን ይለኛል? ወደነበረበት መልሽልኝ። መኪናው ጋ።"

ሚኪያስ "እሺ እትዬ፣ ኤዲት እናደርገዋለን" አለና ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ከእጃችን ሰበሰበ። "ይቅርታ፤ አመስግኜ ስጦታዬን መልሼ መቀማቴ ነው" አለ። እትዬ ወይንሸት የራሳቸውን ሲሰጡት ትንሽ ያዝ አድርገው ነው የለቀቁት።

አዲሱ ሥዕል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደረሰን። ጋሼ ተፈራ ከአዳራሹ ማዶ፣ መኪናቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከሥዕሉ ጀርባ ሚኪያስ በእጁ የተባበሩትን ሰዎች ስም ጽፎ አመስግኗል። የጋሼ ተፈራንም ስም ጽፏል።

እትዬ ወይንሸትን ለመጠየቅ ፒከሪንግተን የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሥዕሉ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። እጄን ይዘው ወሰዱኝና "ይኸው የኔ ሾፌር" አሉኝ። "እዚያው ነው። ሬዲዮውን ይሰማል።"

እኔ ግን ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ማንም የለም። ደፉ ላይ ግን ጥላ አለ። ኮፍያ ያደረገ ሰው ጥላ፣ ወደ ውስጥ ተዘርግቶ።

ምክንያቱን በኋላ ሊዲያን ኮል አድርጌ ሰምቻለሁ። ሰውዬውና ጥላው ለየብቻ ነው የሚሠሩት፤ ሰውዬውን አንሥታ ጥላውን ረስታዋለች። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፣ ይህንንም ለራሴ ደጋግሜ አስረድቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ምንም አላወቅሁም። ያየሁት የፍሬሙን መስታወት ነው። እትዬ በደንብ ወልውለውታል፤ ያብረቀርቃል። በሩ ያለበት ቦታ ብቻ፣ ደፉ ላይ፣ በጣት ብዙ ጊዜ ተነክቶ ደብዝዟል።

ኋላ ሊዲያ በስልክ "ላስተካክለው?" ስትለኝ "ተይው" አልኳት።

አዳራሹ አሁን ተሠርቶ ገብተንበታል። ከፓርኪንጉ በኩል ፀሐይ ስትወጣ የሚገባው ሰው ጥላ ከራሱ ቀድሞ በሩን ያልፋል። እዚያ ስደርስ ትንሽ ቆም እላለሁ። ፍርሃት አልለውም። የሚያልፍ ሰው ካለ ይለፍ ብዬ ነው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ስልካችሁን አውጡና ብዙ ሰው ያለበትን አንድ ፎቶ ክፈቱ። መሐል ላይ ያሉትን ተዉአቸው፤ ጠርዙን አስፍታችሁ እዩ። ማን ቆሟል? ማንን ነው የሚጠብቀው? በሕይወት ካለ፣ ግባ ብላችሁ አትጎትቱት። የፊታችን እሑድ ሂዱና የመኪናውን በር ከፍታችሁ፣ አጠገቡ ትንሽ ተቀመጡ።